የተቆለፉትን ሕንፃዎች ክፈቱልን
በዋሽንግተን ዲሲ ለቻርተር ትምህርት ቤት ወላጆች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ሺፍት ቀይራችሁ የመጣችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ከተማው የትምህርት በጀት እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ግን እኔን እዚህ ያቆመኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ ልጆቻችን የሚማሩበት ሕንፃ።

ቻርተር ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። በማርች መጨረሻ ልጆች በየትምህርት ቤቱ የሚመደቡበትን የማይ ስኩል ዲሲን የሎተሪ ውጤት ስንጠብቅ እንቅልፍ የምናጣ ሰዎች ነን። ግን «የግል ትምህርት ቤት ነው» የሚል ሰው ከእኛው መሀል እንኳ አሁንም አለ። የግል አይደለም፤ ራሱን ችሎ የሚተዳደር የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ክፍያ የለውም፣ የመግቢያ ፈተና የለውም፣ ገንዘቡም ከእኛ ግብር ነው የሚመጣው። ኮንግረስ ሕጉን ያጸደቀው በ1996 ነው፤ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው። ዛሬ በዲሲ በሕዝብ ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት ቻርተር ውስጥ ናቸው። ግማሽ!

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ከተማው ራሱ የሚያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ሕንፃ አላቸው። ሲያረጅ ከከተማው የካፒታል በጀት ይታደሳል። ደንባር ሁለተኛ ደረጃ በ2013 በአዲስ ሕንፃ ሲከፈት 122 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ፔትዎርዝ የምትኖሩ ደግሞ ሩዝቬልት ሁለተኛ ደረጃ እንዴት እንዳማረበት በየቀኑ ታያላችሁ። አልቀናም። እነዚያም ልጆቻችን ናቸው። ቻርተር ግን የሚሰጠው በአንድ ተማሪ በዓመት ከ3 ሺህ ዶላር በላይ የሆነ የሕንፃ አበል ነው። 300 ልጆች ላሉት ትምህርት ቤት ከ900 ሺህ ዶላር ያልፋል። ብዙ ይመስላል። ዲሲ ውስጥ ኪራይ የምትከፍሉ ሰዎች ግን ይህ ብር የት እንደሚገባ እኔ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

የልጄ ትምህርት ቤት የቀድሞ ሕንፃ ለቢሮ የተሠራ ነበር። ምሳ የሚበሉበት ክፍል ስፖርት የሚሠሩበትም ነው። ምሳ እንዳለቀ መምህራኑ ጠረጴዛውን አጥፈው ወደ ግድግዳ ያስጠጋሉ፣ ከዚያ ልጆቹ ወለሉ ላይ የቀረውን ኬቻፕ እየረገጡ ይሮጣሉ። ሜዳቸው የመኪና ማቆሚያው ነበር። ብርቱካናማ ኮን ይደረደራል፣ አንዲት ረዳት መምህር መሀል ላይ ትቆማለች፣ የዕቃ መኪና በመጣ ቁጥር ፊሽካ ትነፋለች፤ ይሄኔ ልጆቹ ኳሳቸውን አቅፈው ግድግዳ ሥር ይቆማሉ፣ መኪናው አራግፎ እስኪወጣ። ዕረፍታቸው 20 ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ልጄን «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ?» ስላት «መኪናው ቆየ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

እሱም አልበረከተም። ሊዙ ሲያልቅ አከራዩ አላድስም አለ። የተነገረን መቼ ነው? ሎተሪው ካለፈ በኋላ! ሌላ ትምህርት ቤት እንዳንፈልግ ጊዜው አልፏል። ሰመሩን ወንበርና መጽሐፍ ስናጓጉዝ ከረምን። አዲሱ ቦታ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ነበር። አንዲት የእኛው እናት፣ ሌሊት ሆቴል የምታጸዳ፣ ጠዋት ከሥራ ወጥታ ልጆቿን ለማድረስ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር ጀመረች። እስከ ፈረንጅ ገና ቻለችው። ከዚያ ልጆቿን አስወጣች። ትምህርት ቤቱን ጠልታ እንዳይመስላችሁ፣ እያለቀሰች ነው ያስወጣቻቸው።

ከተማው ባዶ ሕንፃ የለኝም ቢል እንኳ በተጽናናን። ግን አለው! በ2008 ሚሼል ሪ የከተማው ትምህርት ቤቶች ኃላፊ በነበሩ ጊዜ 23 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 እሳቸውን የተኩት ኬያ ሄንደርሰን ሌላ 15 እንደሚዘጉ አስታወቁ። አንዳንዶቹ ለቻርተር ተሰጥተዋል፣ እሱን አልክድም። ቤኒንግ ሮድ ላይ ያለው ስፒንጋርን ሁለተኛ ደረጃስ? ከተዘጋ በኋላ ስንት ዓመት ባዶውን ቆመ?

ሕጉ ትርፍ የሆነ የትምህርት ቤት ሕንፃ ከማንም በፊት ለቻርተር ይቅረብ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን «ይህ ትርፍ ነው» ብሎ የሚወስነው ከተማው ራሱ ነው። ካልወሰነ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሕጉም ወረቀት ላይ ይቀራል። እኮ ለምን? ያ ሕንፃ በዚህ ከተማ ሰው ግብር የተሠራ ነው! ጂም አለው፣ ካፍቴሪያ አለው፣ ሜዳ አለው። በሩ ላይ ሰንሰለት የታሰረበት ትምህርት ቤት እያለ ልጆቻችን መኪና ማቆሚያ ላይ የሚጫወቱት በማን ጥፋት ነው? ወይስ የቻርተር ልጅ የዚህ ከተማ ልጅ አይደለም?

«ቻርተር ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ሕንፃ ማስረከብ አደጋ አለው» ይሉናል። ማን ሽጡልን አለ? በረጅም ጊዜ ሊዝ ይስጡ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ሕንፃው የከተማው ነው፣ ተመልሶ ይረከበዋል።

አበሉም ከኪራዩ ጋር በየዓመቱ ይጨምር። የመምህራንን ደመወዝም አደራ፤ ጥሩ መምህር የሚለቅብን አንዱ ምክንያት ገንዘቡ ለአከራይ ስለሚሄድ ነው።

ከንቲባው በጀቱን ለምክር ቤቱ ሲያቀርቡ የሕዝብ ውይይት ይኖራል። አሥራ ሦስቱ የምክር ቤት አባላት ከእኛ አፍ ይስሙት። ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 3 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ ይበቃል። እንግሊዝኛዬ አይረባም ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ስትመዘገቡ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ የልጃችሁ ክፍል ምን ይመስላል፣ የት ይጫወታል፣ ስንት ጊዜ ቦታ ቀየረ።

መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ የምትሆኑ በጽሑፍ ማስገባት ትችላላችሁ፤ እናንተ በአማርኛ ንገሩን፣ እኛ ዛሬውኑ እንጽፍላችኋለን። ሳትመዘገቡ እንዳትወጡ።