መብራት ሲጠፋ ሳምፑ ስንት ሊትር ይችላል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያለሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ስሙን ለቪዲዮው ብዬ አልመረጥኩትም፣ ቤቴ እዚሁ ነው።

ከኋላዬ የምታዩት የጨው ውሃ አኳሪየም ነው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር። እስከ አፉ ቢሞላ 250 ሊትር ይይዛል። ከሥሩ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላ ገንዳ አለ። ሳምፕ የሚባለው እሱ ነው። ውሃው በቱቦ ወደሱ ይወርዳል፣ ይጣራል፣ ይሞቃል (የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ)፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል።

ሳምፑ ምን ያህል ይሁን? «የላይኛውን ግማሽ ካከለ ይበቃል» ሲባል ሰምቼ እኔም በዚያው ሄድኩ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ልፈልግ ስነሳ እግሬ ረጠበ። ምንጣፉ የጨው ውሃ ጠጥቷል። እናቴ ያለችኝን እዚህ አልደግመውም።

[ወደ መመለሻው ቱቦ ቀረብ ይላል]

ጥፋቱ እዚህ ጋ ነበር። ፓምፑ ሲቆም ይሄ ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል። ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲቀዳ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም። የኔ አፉ ከውሃው 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። 100 በ50 በ6 ስታባዙ 30 ሊትር ይመጣል። አንድ ጀሪካን ተኩል! ሳምፔ 80 በ40፣ ከፍታው 40 ነው። እስከ 33 ሞልቼው ስለነበር ባዶው ቦታ 22 ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን ምንጣፉ ተቀበለ።

አሁን 25 ላይ ነው የማቆመው። ባዶው ቦታ 48 ሊትር ሆነ። ቱቦው ላይም ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ አድርጌ ቀዳዳ በስቻለሁ። ውሃው ዝቅ ሲል በዚያ አየር ይገባና መሳቡ ይቋረጣል። አልጌ ስለሚደፍነው በየሳምንቱ በስንጥር እነካካዋለሁ። ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ግን ቅንጣት አሸዋ ከገባበት አይዘጋም። እኔ አላምነውም።

ፍሰቱ ላይ ብዙ አልቆይም። በሳምፑ በኩል በሰዓት የገንዳው 4 እጥፍ፣ ማለትም 1,000 ሊትር ያህል ይበቃኛል። ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) 20 እጥፍና ከዚያ በላይ እንቅስቃሴ ይወዳል፣ እሱን ግን ገንዳው ውስጥ የሚለጠፈው ሞገድ ሰሪ ይሥራው። የፓምፑ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ እንዳለ አትውሰዱት። ውሃውን ወደ ላይ በገፋና ቱቦው በታጠፈ ቁጥር ይቀንሳል። የመመለሻውን ውሃ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ልቀቁትና ሰዓት ያዙ። በ72 ሰከንድ ከሞላ 1,000 ሊትር ነው።

ደሴ ላይ ላለን ሰዎች አንድ ልጨምር። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ስለዚህ የላይኛው ወለል ሁሌ ይንቀሳቀስ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ይኑራችሁ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከእኛ ትንሽ ይሻላችኋል።

ውሃ ሲተን የሚጎድለው ሳምፑ ውስጥ፣ ፓምፑ ያለበት ክፍል ነው። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ቶሎ ይደርቅና ፓምፑ አየር ይስባል። ስትሞሉ ንጹሕ ውሃ ነው የምትጨምሩት። የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨውማ የትም አይሄድም።

አሁን ሶኬቱን ልንቀል ነው። አብሽሩ፣ ምንጣፉን አንስቻለሁ።

[ፓምፑ ይቆማል፤ ሳምፑ ውስጥ ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል]

28... 29... ቆመ። ፓምፑን መልሼ ላስነሳውና 25 ላይ በማርከር ላስምር። ስሞላ ከዚህ መስመር አላልፍም።