ነፋስ ጣሪያን ወደ ላይ ነው የሚነቅለው፦ ከወጀብ ወቅት በፊት የሚሠራ ሥራ

[ምስል፦ ከባድ ነፋስ። የአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ጥግ ይርገበገባል።]

የወጀብ ወቅት ሊገባ ሲል አብዛኛው ሰው ስለ ጣሪያው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ያፈሳል ወይስ አያፈስም? ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን መቅደም ያለበት እሱ አይደለም። የሚያፈስ ጣሪያ ኮርኒስ ያበላሻል፣ አልጋ ያረጥባል፣ ባልዲ ያስደረድራል። የተነቀለ ጣሪያ ግን ቤት አልባ ያደርጋል። ስለዚህ ዛሬ ከቀዳዳው በፊት ማሰሪያውን እናያለን።

ነፋስ ጣሪያን የሚገፋው ይመስለናል። ይገፋል፣ እውነት ነው። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ግን በመሳብ ነው። ነፋሱ ግድግዳውን መትቶ በጣሪያው ላይ ሲሻገር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ከክዳኑ በላይ ያለው የአየር ግፊት ይወርዳል። ከክዳኑ ሥር ያለው አየር ግን እንደነበረ ነው። በዚህ ልዩነት የተነሳ ክዳኑ ወደ ላይ ይሳባል። በዚያ ላይ አንድ መስኮት ወይም በር ከተገነጠለ ነፋሱ ቤት ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ከታች ይገፋል። ከላይ እየተሳበ፣ ከታች እየተገፋ ምን ሊይዘው ይችላል?

"ወጀብ ሲመጣ መስኮት ክፈቱ፣ ግፊቱ ይመጣጠናል" የሚል ምክር ሰምታችሁ ከሆነ እርሱት። ተቃራኒው ነው ትክክሉ። በርና መስኮት በደንብ መዝጋት ጣሪያን የማዳን ሥራ አካል ነው።

[ምስል፦ ቁጥሮች በስክሪን ላይ]

አሁን ትንሽ ቁጥር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ወደ 48 ኪሎ ይጠጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በጣሪያው ጥጎችና ጠርዞች ላይ ደግሞ መሳቡ ከሌላው ቦታ በጣም ይበረታል። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር የሚመዝነው ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ብቻ ነው። ማለትም በወጀብ ቀን የቆርቆሮው ክብደት ምንም አይፈይድም። የያዘው ምስማሩ ወይም ብሎኑ ነው።

እዚህ ላይ ጣሪያ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ለሚጭኑ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ሁለት ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቆርቆሮ በዚያ ነፋስ ወደ 77 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ወደ ላይ ሊሳብ ይችላል። አሥር ኪሎ ድንጋይ ምን ሊያደርግለት ነው? ክዳኑ ሲነሳ ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል፣ ያውም የት እና በማን ላይ እንደሚወርድ ሳይታወቅ። አውርዱት።

[ምስል፦ የዳርዊን ከተማ፣ 1974]

ስለ ጣሪያ ማሰሪያ ዓለም ብዙ የተማረው ከአንድ አደጋ ነው። በፈረንጆቹ 1974 የገና ዕለት ትሬሲ የተባለው አውሎ ነፋስ የአውስትራሊያዋን ዳርዊን መታ። የነፋስ መለኪያው በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር መዝግቦ ራሱ ተበላሸ። ከከተማዋ ሕንፃዎች ከ70 በመቶ በላይ ወደሙ። መሐንዲሶች ፍርስራሹን ሲመረምሩ የሚገርም ነገር አገኙ። ብዙ ቦታ ላይ ምስማሩም ብሎኑም አልተነቀለም ነበር። እንጨቱ ላይ እንዳለ ቀርቷል። የሄደው ቆርቆሮው ነው። ነፋሱ በየቅጽበቱ እየበረታና እየላላ ለሰዓታት ሲያርገበግበው፣ በማሰሪያው ዙሪያ ያለው ብረት ደክሞ ተሰነጠቀ። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ስታጣጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የክዳን ቆርቆሮ አንዴ ተስቦ ብቻ ሳይሆን ሺህ ጊዜ ተስቦ ተለቅቆ መፈተሽ የጀመረው።

ለእኛ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ዛሬ በትንሽ ነፋስ "ጧ ጧ" የሚል ቆርቆሮ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያሰማው። እያረጀ ነው። ሌሊት የሚንኳኳ ጣሪያ ካላችሁ፣ የሚንኳኳበትን ቦታ ጠዋት ፈልጉት።

[ምስል፦ በቅርበት፣ የአንድ ብሎን ራስ]

እስቲ አንዱን ማሰሪያ ጠጋ ብለን እንየው። ጥሩ የጣሪያ ብሎን ከራሱ ሥር የብረት ቆብ፣ ከቆቡ ሥር ደግሞ ጎማ አለው። ጎማው በትክክል ሲጠብቅ ከቆቡ ጠርዝ ትንሽ ብቅ ይላል። ምንም ካልታየ ላልቷል፤ ውሃ ይገባል። ተጨፍልቆ እንደ ከንፈር ወደ ውጭ ከተገለበጠ ደግሞ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ያረጀ ጎማ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። እንደዚህ ከሆነ ብሎኑን መቀየር ነው፣ ሲሊኮን መለቅለቅ ለአንድ ሰሞን ብቻ ያገለግላል።

ምስማር ሌላ ጉዳይ ነው። እንጨት እየረጠበና እየደረቀ ሲሄድ ምስማርን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ራሱ ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ የሚታይ ምስማር ካለ መልሳችሁ በመዶሻ አትምቱት። ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ያው ተመልሶ ይወጣል። ንቀሉት፤ በቦታው ወፈርና ረዘም ያለ ባለ ጎማ ብሎን አስገቡ። በሞገዳማ ቆርቆሮ ላይ ማሰሪያው የሚገባው በጉብታው ላይ ነው፣ ውሃ በሚወርድበት ገንዳ ውስጥ አይደለም።

ብዛቱስ? ነፋስ በሚበዛበት ቦታ የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ በከፍከፉ (ከግድግዳው አልፎ በሚወጣው የክዳን ጫፍ)፣ በጉልላቱ (ተዳፋቶቹ በሚገናኙበት አናት) እና በጎን ጠርዞቹ ላይ በእያንዳንዱ ጉብታ፤ መሃል ላይ ግን አንዱን እየዘለሉ። ብዙ አናጢዎች ሁሉንም ቦታ እኩል ይመታሉ። ነፋሱ ግን እኩል አይስብም። ገንዘባችሁ ለሁሉም ቦታ የማይበቃ ከሆነ ጥጎቹንና ጠርዞቹን አስቀድሙ። አብዛኛው ጣሪያ መገንጠል የሚጀምረው ከዚያ ነው።

[ምስል፦ የጣሪያ አጽም፣ ከክዳን እስከ መሠረት]

ቆርቆሮው ጠበቀ ማለት ግን ጣሪያው ጠበቀ ማለት አይደለም። ቆርቆሮው ሞራሌውን፣ ማለትም የሚመታበትን አግድም እንጨት ይዟል፣ ሞራሌው ደግሞ ወራጁን፣ ማለትም ከጉልላቱ ወደ ግድግዳው የሚወርደውን እንጨት፣ ወራጁ ግድግዳውን፣ ግድግዳው መሠረቱን። ከእነዚህ አንዱ ከላላ ጣሪያው ከነእንጨቱ ይነሳል። በተለይ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ እዩት። ብዙ ቤት ውስጥ እዚያ ያለው ሁለት ምስማር ብቻ ነው፣ ያውም በሰያፍ የተመታ። ይህ እንጨቱ እንዳይንሸራተት ይረዳ ይሆናል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ግን ብዙ አይቆይም። መፍትሔው ወራጁን አቅፎ ግድግዳው ላይ የሚታሰር የብረት ማሰሪያ ነው። በእያንዳንዱ ወራጅ ላይ። ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ቢሠራ ርካሽ ሥራ ነው፤ በኋላ ግን ያስለፋል። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ይህን አሁን ያዙልኝ። ከፍከፉንም ከግማሽ ሜትር ባታስበልጡት ይሻላል፣ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሳው እሱን ነው።

የቤቱ ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው። በአራቱም አቅጣጫ ተዳፋት ያለው ጣሪያ ሁለት ተዳፋት ካለውና ጎኑ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከሚቆመው ይልቅ ነፋስ ይቋቋማል። ያላችሁ ሁለተኛው ከሆነ ያ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ከውስጥ ደገፋ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ማፍሰሱ። ፀሐያማ ቀን ምረጡና ኮርኒስ ውስጥ ግቡ፤ ባትሪያችሁን አጥፉ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ውሃም ይገባበታል። ከዚያ ባትሪውን አብርታችሁ እንጨቶቹን እዩ። የጠቆረ ቦታ ካለ በጠመንጃ መፍቻ ጫን አድርጉት። ከሰመጠ እንጨቱ በስብሷል፤ የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ምንም ዓይነት ብሎን አይዝም። ኮርኒሱ ላይ ያለው የውሃ ምልክት ከቀዳዳው ትክክል በታች ላይሆን እንደሚችልም ልብ በሉ። ውሃ በሞራሌው ላይ ሄዶ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከምልክቱ ወደ ላይ፣ ወደ ጉልላቱ አቅጣጫ ፈልጉ። ጭስ ማውጫና ቱቦ ጣሪያውን የሚበሱበት ዙሪያ ላይ ያለውን ላሜራ መጀመሪያ እዩ።

አሸንዳ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 5,000 ሊትር፣ ማለትም አምስት ቶን ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በቅጠል በተደፈነ ቱቦ ሊያልፍ አይችልም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። ጥረጉት፣ ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሳችሁ መውረዱን አረጋግጡ። ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ያላችሁ ይህን የበለጠ አክብዱት፦ አሥር ሳንቲ ሜትር የተኛ ውሃ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ነው።

ጣሪያ ላይ የዘመመ ቅርንጫፍ ይቆረጥ። የሳተላይት ዲሽ፣ የውሃ ታንከርና የሶላር ፓነል ማሰሪያቸው ይፈተሽ። የሸክላ ክዳን ያላችሁ የተሰነጠቀውንና የተንሸራተተውን ቀይሩ።

[ምስል፦ መሰላል ከጎን]

ስለ መውጣት ደግሞ። እርጥብ ጣሪያ ላይ አትውጡ፣ ብቻችሁንም አትውጡ። መሰላሉ አራት ሜትር ከፍ ሲል እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ፤ ጫፉም ከጣሪያው ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ይለፍ። የብረት መሰላል የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ አይቁም። ስትራመዱ የምስማሩን መስመር ተከተሉ፣ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ብርሃን የሚያስገባውን የፕላስቲክ ክዳን ፈጽሞ አትርገጡ፤ አይችላችሁም። አሮጌ የአስቤስቶስ ክዳን ከሆነ ደግሞ አትብሱት፣ አትስበሩት። አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ለባለሙያ ተዉት።

ሥራው ሲያልቅ ጣሪያውን ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ኢንሹራንስ ካላችሁ ከጉዳት በኋላ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ትፈልጋላችሁ።

አንድ ጠንካራ ሸራም ቤት ይቀመጥ። ወጀቡ አልፎ ቀዳዳ ከተገኘ፣ ሸራውን ቀዳዳው ላይ ብቻ አታልብሱት፤ ውሃ ከላይኛው ጠርዙ ሥር ይገባል። በጉልላቱ ላይ አሳልፋችሁ ወደ ሌላኛው ተዳፋት አውርዱት። ጠርዙን በቀጭን ጣውላ ጠቅልሉና ጣውላውን ከሥሩ እንጨት ባለበት ቦታ በብሎን እሰሩት።