ያልተበላሸ ዕቃ ቀድሞ ማዘዝ፦ የጦር አውሮፕላን መለዋወጫ እንዴት ይተነበያል?

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፤ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ]

ተራኪ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነስተን ይህን መንገድ ብንይዝ የአየር ኃይላችን መቀመጫ ቢሾፍቱ እንደርሳለን። ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ወደ መለዋወጫ መጋዘኑ ጉዳይ እንገባለን፤ አውሮፕላን ተነስቶ መብረሩም ሆነ ቆሞ መቅረቱ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ነውና።

[ምስል፦ የቃሊቲ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ]

ቃሊቲ ያለ ነጋዴ በወር ስንት የዘይት ፊልትሮ እንደሚሸጥ ያውቃል። ገበያው የየቀን ስለሆነ አማካዩን አይቶ ያዝዛል። የተዋጊ ጄት ሃይድሮሊክ ፓምፕ (የአውሮፕላኑን ክፍሎች ለሚያንቀሳቅሰው ፈሳሽ ግፊት የሚሰጠው) ግን ለወራት ማንም ሳይጠይቀው ይቆይና በአንድ ሳምንት ሁለት ሊፈለግ ይችላል። መዝገቡ በዜሮ የተሞላ ነው። ክሮስተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ዓይነቱ ፍላጎት መላ አቀረበ፦ በየስንት ጊዜው ይጠየቃል? ሲጠየቅስ ስንት? ሁለቱ ለየብቻ ይተነበያሉ።

[ምስል፦ ስሌቱ በሰሌዳ ላይ]

አሁን አብረን እናስላ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። 12 አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በወር 20 ሰዓት ቢበሩ 240 የበረራ ሰዓት ይሆናል። ፓምፑ በአማካይ በየ1,200 ሰዓቱ የሚበላሽ ከሆነ በ5 ወር አንድ ይፈታል ማለት ነው። ጥገናውም 5 ወር ይፈጃል እንበል። ታዲያ አንድ ትርፍ ፓምፕ አይበቃም? አይበቃም። ብልሽት ተራ ጠብቆ አይመጣም። በፖይሰን ስሌት፣ ማለትም በዘፈቀደ የሚመጡ ክስተቶችን ዕድል በሚያሰላው የሒሳብ ቀመር፣ አንድ ትርፍ ብቻ ይዘን ቢያንስ አንድ አውሮፕላን ፓምፕ አጥቶ የሚቆምበት ዕድል ከመቶ 26 ነው። ሁለተኛ ፓምፕ ብንገዛ ወደ 8 ይወርዳል። ሁለተኛውን ሳንገዛ የጥገናውን ጊዜ በግማሽ ብናሳጥረውስ? 9! ጥገናን ማፋጠን ፓምፕ ከመግዛት ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቢሾፍቱ ውስጥ እንደ ደጀን አቪዬሽን ያለ የጥገና ተቋም መኖሩን በዚህ ዓይን ማየት ይገባል።

ስሌቱ ግን ከመዝገቡ አይበልጥም። ጎማና ፍሬን የሚያልቁት በማረፍ ብዛት ነው፤ ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚገጠመው የላስቲክ ማሸጊያ ደግሞ አውሮፕላኑ ባይበርም ያረጃል። ከቆመ አውሮፕላን ፈትቶ ለሌላው መግጠምም አለ። የቸገረው መካኒክ ያደርገዋል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ካልተመዘገበ መጋዘኑ «ጥያቄ የለም» ብሎ ይቀመጣል፣ የሚቀጥለው ትንበያም ይሳሳታል።

[ምስል፦ የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት]

በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ወታደራዊ ዕርዳታ ሲቋረጥ አየር ኃይሉ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 ጄቶችን ይዞ ወደ ኦጋዴን ጦርነት ገባ። የበረራ ሰዓት በሚጨምርበት ሰዓት የዕቃው ምንጭ ተዘጋ። ስለዚህ ዕቃ ከውጭ የሚደርስበትን ጊዜ እንደማይለወጥ ቁጥር መውሰድ ለኛ አገር አይሆንም። ለእያንዳንዱ ወሳኝ ዕቃ ትንበያው ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት፦ መስመሩ ክፍት ሲሆንና ሲዘጋ።