ክሮሚየም ባለበት አፈር ማን ይሠራል፣ ማን ይጠቀማል?

ህሊና፦ ጤና ይስጥልን፤ ከባሕር ዳር ነን። የቆዳ ፍሳሽ በደረሰው የዓባይ ዳር ማሳ ውስጥ ባክቴሪያዎች እንዴት ይተጋገዛሉ፣ እንዴትስ ይሻማሉ?

ይበልጣል፦ መጀመሪያ ክሮሚየሙን እንለይ፤ ቆዳ የሚለፋበት ብረት ነው፣ 3 እና 6 የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት። ቆዳ በብዛት የሚለፋው በክሮሚየም 3 ነው፤ አሲድ ባልሆነ አፈር ብዙም አይሟሟም። ክሮሚየም 6 ግን ይሟሟል፣ ሰልፌት መስሎም ሕዋስ ውስጥ ይገባል። ማንጋኒዝ ኦክሳይድ የሚባል ማዕድን ያለው አፈር 3ቱን ወደ 6 ሊለውጠው ስለሚችል «3 ነው» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ህሊና፦ ባክቴሪያዎቹስ እንዴት ይከላከሉታል?

ይበልጣል፦ አንዳንዱ በፓምፕ ወደ ውጭ ይተፋዋል። እሱ ይድናል፤ መርዙ ለጎረቤት ይተርፋል። ሌላው 6ቱን ወደ 3 ይቀይራል። ጉልበት ያስወጣዋል፣ ጥቅሙ ግን የሁሉም ነው።

ህሊና፦ ሳይሠራ የሚጠቀምም ይኖራላ!

ይበልጣል፦ አለ እንጂ፤ ጥገኛ እንበለው፤ ወጪ ስለሌለበት ፈጥኖ ይራባል። በሚናወጥ ጠርሙስ ውስጥ የጸዳው ውሃ ለሁሉም እኩል ስለሚደርስ ጥገኛው ይበረታል። በአፈር ጓል ውስጥ ግን ቀድሞ የሚጠቀመው አጠገብ ያለው ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የቀያሪው የገዛ ዘር ነው። በጠርሙስ ውጤት ብቻ ስለ ማሳ መፍረድ ስህተት ነው እላለሁ።

ህሊና፦ ይህን የሚፈትሸውን ሙከራ ዘርዝረው እስቲ።

ይበልጣል፦ ለባክቴሪያ የሚሆነውን የአፈር ናሙና አታድርቂው፤ በ4 ዲግሪ አቆዪው። 2.829 ግራም ፖታሺየም ዳይክሮሜት በውሃ ሟሙቶ 1 ሊትር ሲሞላ 1,000 ሚሊ ግራም ክሮሚየም 6 ይይዛል። ካንሰር አምጪ ነውና ያለ ጓንት አይነካም፣ ብናኙም እንዳይተነፈስ። ከስኳር ጋር አብሮ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) አይግባ፤ ስኳሩ ራሱ ይቀይረዋል። ለብቻው በማጣሪያ አጥሪና ምግቡ ከበረደ በኋላ ጨምሪ።

ህሊና፦ ከዚያ ቀያሪው ለብቻ፣ ጥገኛው ለብቻ፣ ሁለቱ አብረው?

ይበልጣል፦ ባክቴሪያ የሌለበትና በሙቀት የተገደለ ያለበትም ይጨመር፤ የሞተ ሕዋስም ክሮሚየም ይይዛል። የቀረው 6 በአሲድ ውስጥ ዳይፊኒልካርባዛይድ ከሚባል ኬሚካል ጋር ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል፣ በ540 ናኖ ሜትር ይነበባል። ቀለሙ ጠፋ ማለት ክሮሚየሙ ለቀቀ ማለት አይደለም፤ መልኩን ለውጦ እዚያው አለ።

ህሊና፦ ኮምፖስት መጨመርስ?

ይበልጣል፦ ቀያሪዎቹን ይመግባል። የእምቦጭ ኮምፖስት ከሆነ ግን መጀመሪያ ይመርመር፤ እምቦጭ ከውሃው ከባድ ብረት ይሰበስባል።

ህሊና፦ ገበሬው የማሳው ባክቴሪያ መጎዳቱን በምን ያውቃል?

ይበልጣል፦ እንግሊዝ አገር፣ ዎበርን ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1961 ከባድ ብረት ያለበት የፍሳሽ ዝቃጭ የተደፋበት ማሳ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላም ማገጥ ሥር ላይ የተገኘው ራይዞቢየም፣ ማለትም ለተክሉ ናይትሮጅን የሚያቀርበው ባክቴሪያ፣ እባጭ ይሠራል እንጂ ናይትሮጅን አይሰጥም ነበር። ባቄላም የሚሠራው ከዚህ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ጋር ነው። ሲያብብ ተክሉን ከነሥሩ በአካፋ አውጡ፣ አፈሩን በውሃ አራግፉ፣ እባጩን በምላጭ ሰንጥቁ። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ዩሪያ የበዛበት ወይም አሲዳማ አፈርም እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ፍሳሽ ካልደረሰው የጎረቤት ማሳ፣ በዚያው ሳምንት ከተዘራው፣ አብራችሁ ንቀሉና አስተያዩ።