ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? የቤት አምፕ ስለመግዛት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ቤት አምፕሊፋየር በስልክም በቴክስትም ብዙ ጥያቄ መጥቷል፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አብዛኛው ሰው "የቱ ብራንድ ይሻላል" ነው የሚለኝ፣ እኔ ደሞ መልሼ "ሲበላሽ ማን ይከፍትልሃል" እላለሁ። ጠጋኝ ስለሆንኩ ይሆናል እንደዚህ የማስበው፣ ግን እስቲ እንየው።

ከአዳማ የደወለ አድማጭ፦ ለሳሎን ሁለት ስፒከር የሚነዳ አምፕ ልገዛ ነው። አንዱ ሱቅ የ1 ዓመት ዋስትና እሰጣለሁ ይላል፣ ሌላው ዋጋው ረከስ ይላል ግን ዋስትና የለውም። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ያንን የዋስትና ወረቀት አሳየኝ በለው። ብዙ ጊዜ የዕቃው ሲሪያል ቁጥር አይጻፍበትም፣ ማህተም የለውም፣ ማን እንደሚጠግነው የሚል ነገርም የለውም፣ እንደዛ ከሆነ ዋስትናው የሚሰራው ሻጩ ስልክህን እስካነሳ ድረስ ብቻ ነው። እዛው ሱቅ ቆመህ ጠይቀው፣ ጥገናው እዚሁ ነው ወይስ አዲስ አበባ ይላካል፣ ከተላከ የመጓጓዣውን ማን ይከፍላል፣ ስንት ቀን ይወስዳል። ሪሞቱ ቢጠፋ፣ ቮልዩሙ መንኮሻኮሽ ቢጀምር፣ ፓወር ቦርዱ ቢቃጠል ዕቃውን ታመጣለህ ወይ በለው። "ችግር የለም፣ እኛ አለን" ብሎ ካለፈህ፣ ባለፈው ዓመት የጠገናችሁለትን አንድ ደንበኛ አገናኘኝ በለው፣ ካላፈርክ ማለቴ ነው፣ በእውነት የሚያገለግል ሱቅ በዚህ አይቀየምህም።

ሌላው፣ የመብራት መዋዠቅ ያደረሰውን ጉዳት ዋስትናው ይሸፍናል ወይ? አብዛኞቹ አይሸፍኑም። እኔ ጋ ከሚመጡት አምፖች ደግሞ ብዙዎቹ የሞቱት በሱ ነው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ። ስለዚህ የመብራቱን ጣጣ የማይሸፍን ዋስትና ከሆነ ብዙ ብር አትጨምርበት።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ የገዛኸው ዕቃ እንከን ከተገኘበት ከገዛህበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ገንዘቤ ይመለስልኝ እንድትል ያስችልሃል፣ ሻጩ የራሱን ዋስትና ባይሰጥህም። ግን ያለ ደረሰኝ ከሆነ በምን ታስረዳለህ? "ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ" ሲሉህ የሚቀንሱልህ ምን እንደሆነ አስብ። እና ደግሞ ዕቃውን ገዝቶ እስከ ልጁ ክርስትና ድረስ ካርቶን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አለ፣ ተው እንደዚህ አታድርግ፣ በነዛ 15 ቀናት በየቀኑ ሁለት ሶስት ሰዓት አጫውተው፣ ሁሉንም ግብዓት ሞክር፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ስማ፣ ክዳኑን በእጅህ ንካው፣ መሞቅ ያለ ነው ግን እጅ ማስቀመጥ እስኪያቅት መሆን የለበትም።

የቱን ልውሰድ ላልከው፣ ከመግዛትህ በፊት እዛው አዳማ አምፕ የሚከፍት ሰው ፈልግና የሁለቱንም ሞዴል ስም ንገረው። "ይሄኛውን እሰራዋለሁ፣ ያኛውን ግን አታምጣብኝ" ካለህ ምርጫው አለቀ፣ ዋስትና ያለው ቢሆንም ባይሆንም። ለሳሎን እንደ ያማሃ ኤ-ኤስ 301 ወይም ዴኖን ፒኤምኤ-600ኤንኢ አይነት ተራ ስቴሪዮ አምፕ በቂ ነው፣ የመጀመሪያው በ8 ኦም (ኦም የስፒከሩ የመቋቋም ልክ ነው) በየቻናሉ 60 ዋት ሁለተኛው 45 ዋት ነው፣ ቁጥሩ አነሰብኝ እንዳትል፣ መደበኛ ሳሎን ውስጥ ጎረቤት እስኪቆጣህ ይጮሃል። የትልልቆቹ ካምፓኒዎች ሰርቪስ ማንዋል ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ ለጠጋኝ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንዋል የሌለው ቦርድ ላይ ቀኑን ሙሉ በሜትር መፈለግ ነው ስራው።

ከደሴ በቴክስት፦ 3000 ዋት የሚል የሙዚቃ ዕቃ አየሁ፣ ዋጋው ግን ከ60 ዋቱ ያማሃ ያንሳል። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ያ 3000 ፒኤምፒኦ የሚባለው ነው፣ ለማስታወቂያ የሚጻፍ ቁጥር፣ እርሳው። ዕቃውን ገልብጠህ ከኋላ ከመብራት የሚወስደውን ዋት እይ፣ 80 ዋት ከሚል ከ80 በላይ ሙዚቃ ከየት ያመጣል? አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ዋት ጠይቅ፣ በስንት ኦም እንደተለካም ጨምር። ሻጩ ካላወቀው ሌላ ሱቅ ሂድ።

ከባህር ዳር፦ ስታቢላይዘር ልግዛ ወይስ ዲቫይደሩ ይበቃል?

መልስ፦ መብራት ያለው ተራ ዲቫይደር ከምንም አያድንም፣ መብራቱ ለማማር ነው። አደገኛው ነገር የሰፈሩ ኑል፣ የመመለሻው ሽቦ፣ ሲበጠስ ነው፣ ያኔ 220 መሆን የነበረበት ወደ 380 ሊወጣ ይችላል፣ ቲቪውም ፍሪጁም አምፑም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የምትገዛው ዕቃ ቮልቴጁ ሲያልፍ የሚቆርጥ መሆን አለበት፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ የሚለቅ። ከሁሉም ርካሹ ግን መብራት ሲሄድ መንቀል ነው፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ ደቂቃዎች ጠብቀህ ሰካ።

ከቨርጂኒያ የደወለች እህታችን፦ ለእናትና አባቴ ጎንደር አምፕ ልልክላቸው ነው፣ እዚህ በቅናሽ አግኝቻለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ ትልቅ ችግር አለው፣ ከመላክሽ በፊት መጠየቅሽ ጥሩ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፣ ኢትዮጵያ 220 በ50። እዛ የሚሸጠው አምፕ አብዛኛው 120 ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ጎንደር ደርሶ ሲሰካ ፊውዙ ቀድሞ ከሄደ እድለኛ ናቸው፣ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ ኦሪጅናሉን ትራንስፎርመር ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው፣ ጠጋኝ በእጅ አስጠቅልሎ ነው የሚመልሰው። ከኋላ የቮልቴጅ መቀየሪያ ስዊች ያላቸው ሞዴሎች አሉ፣ ወይ "100-240" ተብሎ የተጻፈባቸው፣ እነሱን ከሆነ ላኪ፣ ስዊች ያለውን ግን ከመስካታቸው በፊት 220 ላይ መሆኑን እንዲያዩ አደራ በያቸው።

"ትራንስፎርመር አብሬ እልካለሁ" ካልሽ ይቻላል፣ ግን አምፑ ከሚወስደው ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚሆን፣ ከባድ የብረት እምብርት ያለው ይሁን። ለጉዞ የሚሸጡት በኪስ የሚገቡ ቀላል መቀየሪያዎች ለካውያና ለጸጉር ማድረቂያ ናቸው፣ አምፕ ላይ ከሰካሽው ይገድሉታል። ደግሞ እናትሽ ቤት አንድ ቀን ዘመድ መጥቶ ትራንስፎርመሩን ነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል፣ ይሄ የሚቀር አይምሰልሽ! እኔ ብሆን ብሩን ልኬ እዛው ጎንደር ጠጋኝ ከሚያውቀው እንዲገዙ አደርጋለሁ። የአሜሪካው ዋስትና እንደሆነ ጎንደር ድረስ አይከተለውም።

ከጅማ ቡና ቤት ያለው አድማጭ፦ አምፔ በዚህ ዓመት ሲቃጠል ሶስተኛው ነው፣ ጠጋኙ ኤስቲኬ የሚባለው ድምጹን የሚያጎላው አይሲ ነው እያለ ይቀይራል፣ ወር ሳይሞላው ይሄዳል። ጠጋኙን ልቀይር?

መልስ፦ ጠጋኙን ከመቀየርህ በፊት ስፒከሮቹን እንይ፣ ስልክ ላይ ነግረኸኛል። አራት እያንዳንዳቸው 4 ኦም ብለሃል፣ በየቻናሉ ሁለት ሁለት አንድ ላይ ታስረዋል። ሁለት 4 ኦም ፓራለል ሲታሰር 2 ኦም ይሆናል፣ የአምፕህ ጀርባ ላይ ደግሞ ዝቅተኛው 6 ኦም ነው የሚለው፣ አንተ በሶስተኛው እያስሮጥከው ነው፣ ያውም ከጠዋት እስከ ማታ። የቤት አምፕ ለዚህ አልተሰራም፣ ማንም ቢጠግንልህ ይቃጠላል። በየቻናሉ ያሉትን ሁለቱን በሲሪየስ፣ አንዱን ከሌላው አከታትለህ፣ አስራቸውና 8 ኦም ይሁኑ፣ ድምጹ ይቀንሳል ግን አምፑ ይተርፋል። ንግዱ ከተስፋፋ ደግሞ ለሆቴልና ለካፌ የሚሆነው በ100 ቮልት መስመር የሚሰራው አይነት ነው፣ እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ትንሽ ትራንስፎርመር አለው፣ አስርም ብትሰቅል የስፒከሮቹ ድምር ዋት ከአምፑ እስካላለፈ ድረስ ኦም አያስጨንቅህም።

ኤስቲኬውን በተመለከተ ግን እውነት አለው። እነዚህን አይሲዎች ይሰራ የነበረው ሳንዮ ነው፣ የሴሚኮንዳክተር ክፍሉ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካው ኦን ሴሚኮንዳክተር ሄዷል፣ የድምጽ ኤስቲኬዎቹ አብዛኞቹ ከምርት ወጥተዋል፣ ገበያ ላይ "አዲስ" ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ፎርጅድ ነው። የቶሺባዎቹ ሲ5200 እና ኤ1943 ትራንዚስተሮችም እንደዛው፣ ውጪው ኦሪጅናል ይመስላል ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽዬ ነው፣ ቮልዩም ስትከፍት ይፈነዳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ልምድ ያለው ጠጋኝ ምናለሽ ተራ ገብቶ ከተበላሸ አሮጌ አምፕ ላይ የተነቀለ ኦሪጅናል የሚፈልገው፣ አሮጌ ገጠመብኝ ብለህ እንዳትቀየም። ከጠጋኙ ግን የተነቀለውን ዕቃ ተቀበል፣ ለስራውም ቢያንስ የወር ዋስትና በጽሁፍ ጠይቅ።

ከሐዋሳ፦ ያገለገለ አምፕ ልገዛ ነው፣ ምን ልይ?

መልስ፦ ቮልቴጁን አስቀድም። ከጃፓን የመጣ 100 ቮልት ነው፣ ከሳውዲ የመጣ የቆየ ዕቃ ደግሞ 110 ወይ 127 ሊሆን ይችላል። ከዛ የራስህን ስልክና ኬብል ይዘህ ሂድ። ሲበራ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ጠቅ የሚል ድምጽ ካለው ስፒከሩን የሚጠብቀው ሪሌ እየሰራ ነው። ቮልዩሙን ዜሮ አድርገህ ጆሮህን ስፒከሩ ጋ አስጠጋ፣ ኡምምም የሚል ከሆነ የፓወሩ ካፓሲተር ደርቆ ይሆናል። ቮልዩሙን ቀስ እያልክ ዙር፣ መንኮሻኮሹ በማጽጃ ስፕሬይ ሊድን ይችላል፣ እሱ ብቻ ከሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀምበት። ሜትር ካለህ ስፒከሮቹን ነቅለህ የስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ለካ፣ ከ50 ሚሊቮልት በታች ጥሩ ነው፣ ከ100 ካለፈ ተወው። የክዳኑ ብሎን ጥርሱ የተበላ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው፣ ለምን እንደተከፈተ ጠይቅ። ግማሽ ሰዓት አጫውተው፣ ሻጩ ከቸኮለብህ ውጣ።

ከሻርጃ፦ በስልክ የሚታዘዝ፣ ዋይፋይ ያለው አምፕ ይዤ ልምጣ ወይስ ተራውን? ብራንዱ ትልቅ ከሆነ ምን ያስፈራል?

መልስ፦ ቮልቴጁ ተመሳሳይ ስለሆነ በሱ በኩል ሰላም ነህ፣ ዋስትናው ግን ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ብቻ ነው። ዋይፋዩ ነው የሚያሳስበኝ፣ የአምፑ ክፍል ሃያ ዓመት ይሰራል፣ ሶፍትዌሩ ግን ካምፓኒው እስከፈለገው ድረስ ነው። ሶኖስ በ2020 እ.ኤ.አ. የቆዩ ዕቃዎቹን፣ ኮኔክት አምፕ የሚባለውን አሮጌ ሞዴል ጨምሮ፣ ሶፍትዌራቸውን ማደስ አቁሟል፣ ድምጹ ምንም ሳይሆን ማለት ነው። ትልቅ ብራንድ ላልከው ደግሞ ኦንክዮን እይ፣ ስንት ዘመን የኖረ የጃፓን ስም ነው፣ በ2022 ግንቦት ላይ ኪሳራ አወጀ፣ ስሙን ሌሎች ይዘው ቀጠሉ እንጂ። ተራውን አምፕ ይዘህ ና፣ ብሉቱዙን በትንሽ ለብቻው በሚሸጥ ተቀባይ ጨምርበት፣ ያቺ ስትበላሽ ያቺን ብቻ ትጥላለህ።

ከጉለሌ አባታችን፦ የድሮ ሸክላዎች አሉኝ፣ የአምሃ ሪከርድስም የካይፋ ሪከርድስም። ልጄ ከአሜሪካ ማጫወቻ አመጣልኝ፣ አዲሱ አምፕ ላይ ሰካነው ግን ድምጹ አይሰማም ማለት ይቻላል፣ ዘፈኑም ይጎተታል። አምፑ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ አባቴ አምፑ ደህና ነው፣ እንዳያስከፍቱት። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ሲግናል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፣ ሲዲ ግን እስከ 2 ቮልት ይሰጣል። አምፕዎ ጀርባ ላይ ፎኖ የሚል ቀዳዳ ካለ እዛ ያስገቡት፣ ከሌለ ፎኖ ፕሪአምፕ የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች፣ መሃል ላይ ትገባለች። አዲስ አምፕ የሚገዛ ሸክላ ያለው ሰው ካለ ይሄን ቀዳዳ አይቶ ይግዛ፣ ቅድም የጠራኋቸው ያማሃና ዴኖን አላቸው።

መጎተቱ ግን ከማጫወቻው ነው። አንዳንዱ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው፣ በ60 የተሰራው በእኛ 50 ላይ ሲሰካ ስድስተኛ እጁን ያህል ይዘገያል፣ በደቂቃ 33 መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ ስለዚህ በሱ አይስተካከልም። ቀበቶ ያለው ከሆነ ቀበቶው የሚያርፍበት ትንሿ የሞተሩ ፑሊ ለ50 ኸርዝ የሚሆን ልክ አላት፣ ለሞዴሉ ከተገኘች እሷን መቀየር ነው፣ ሞተሩ ዲሲ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ቀበቶው ረግቦ ይሆናል። ልጅዎ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሁፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝና የትኛው እንደሆነ እነግራችኋለሁ።