ካንሰር ከመሆኑ በፊት

(ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጤነኛ የማህፀን በር ሴሎች)

ብዙዎች ምርመራ ሲባል «ካንሰር አለብሽ» ለመባል የሚኬድ ይመስላቸዋል። «ሳልሰማው ብቀር ይሻላል» የሚባለውም ለዚህ ነው። የማህፀን በር ምርመራ ግን በዋናነት የሚፈልገው ገና ካንሰር ያልሆነውን ለውጥ ነው።

የማህፀን በር ካንሰር መንስኤ ይታወቃል፤ ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት በጠባይዋም ሆነ በትዳሯ የምትጠረጠርበት ምክንያት የለም። ሐሜት ፈርተው የሚቀሩ ስላሉ ይህን ደግሜ እላለሁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

(ምስል፦ ቫይረሱ ወደ ሴል ሲገባ)

ብዙውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በ2 ዓመት ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ሲቆይ ግን፣ በተለይ 16 እና 18 የተባሉት ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ሴሎቹ ቀስ በቀስ ይለወጣሉ። ካንሰር እስኪሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ በደሟ እያለ ሕክምና ባልጀመረች ሴት ላይ ጊዜው ወደ 5 ወይም 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል።

በእነዚህ ዓመታት ሕመም የለም። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ቶሎ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል፤ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ዕድሜን ማባከን ነው።

(ምስል፦ ናሙና መውሰጃ ብሩሽ)

ምርመራው አጭር ነው። ለቫይረሱ ምርመራ ሴቷ ራሷ ናሙና መውሰድ ትችላለች። በሌላው ዘዴ ባለሙያዋ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ) ትቀባለች፤ የተለወጠው ቦታ ነጥቶ ይታያል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ማህፀን አይወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ እንዲደረግ ይመክራል።

(ምስል፦ ክትባት የምትወስድ ልጅ)

የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት በዋናነት ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች ይሰጣል፤ ከቫይረሱ ጋር ሳይገናኙ በፊት ሲወስዱት ነው በደንብ የሚከላከለው። አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያጠፋም፤ ሁሉንም ዓይነት ስለማይሸፍንም የተከተበች ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ ትመርመር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ናሙና ሰጥቶ ውጤት ሳይወስዱ መቅረት አለ። ለውጥ የተገኘባት ሴት ካልተመለሰች ሕክምናው አይደርሳትም። ስትሄዱ ውጤቱ መቼና በማን በኩል እንደሚነገራችሁ እዚያው ጠይቁ።