ስግድን ከጎረቤቶቻችን ጋር ለማክበር

ክቡራን ቄሶቻችን፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ የማትናስ (የማኅበረሰብ ማእከሉ) ሠራተኞች፣ ወጣቶች፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የሌሎች ማኅበረሰቦች ጎረቤቶቻችን፦ ሁላችሁንም እንኳን ደኅና መጣችሁ እላለሁ። ንግግሬን በአማርኛ የማቀርበው ታላላቆቻችን ሳይቸገሩ እንዲከታተሉት ብዬ ነው፤ ከእንግዶቻችን አጠገብ የተቀመጡት ወጣቶች ወደ ዕብራይስጥ እየመለሱ ያሰሟቸዋል።

ዛሬ የተሰበሰብነው እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች ከአባቶቻችን የወረስነው በዓል፣ የዘንድሮው ስግድ፣ በከተማችን እንዴት እንደሚከበር ለመወሰን ነው። ስለ መድረኩ፣ ስለ ምግቡና ስለ ዘፋኞቹ ከመነጋገራችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ ጎረቤቶቻችን ወደ በዓላችን የሚመጡት ሊያዩን ነው ወይስ ከእኛ ጋር ሊያከብሩ?

የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድ የአገሪቱ በዓል እንዲሆን በሕግ ከደነገገ ወዲህ በዓሉ ለጸሎት ከምንሰበሰብበት ከኢየሩሳሌሙ ኮረብታ ከአርሞን ሃናጺቭ አልፎ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ሠራዊቱና ወደ ከተማው አዳራሽ ገብቷል። ይህን አቅልዬ አላየውም። በሱዳን በኩል በመጣንበት ዘመን ብዙ ልጆች እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም በዕብራይስጥ ስም ተተክቶባቸዋል፤ የቄሶቻችን ሥልጣን አልታወቀም፤ ለኦሪት ሲሉ መከራ የተቀበሉ ሰዎች አይሁድነታቸውን እንደገና እንዲያረጋግጡ ተጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ወላጆቻችን በኢየሩሳሌም በረቢዎች ዋና ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ይህንኑ ነበር። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ዛሬ የአያቱን በዓል በትምህርት ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሲያገኘው ደስታው የእኔም ደስታ ነው።

ይሁን እንጂ በየከተማው የሚዘጋጁትን ምሽቶች ስመለከት የሚያሳስበኝ ነገር አለ። መርሐ ግብሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ እስክስታ ይወረዳል፣ እንጀራና ዳቦ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ባለሥልጣኑ ሰላምታ ያቀርባል፣ እንግዶቹም አጨብጭበውና ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ስግድ ከኪፑር (ከማስተስረያ ቀን) በኋላ ሃምሳኛው ቀን ላይ የሚውል የጾምና የምህላ ቀን መሆኑን፣ አያቶቻችን በጎንደር ነጭ ለብሰው፣ ኦሪቱን የያዙትን ቄሶች ተከትለው ተራራ ይወጡ እንደነበር፣ በዚያም ሆነው ኪዳናቸውን እያደሱ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይማልዱ እንደነበር ሳይሰሙ ይሄዳሉ። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 የሚገመቱ ወገኖቻችን እንዳለቁና መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ እንደቆመ የሚነግራቸው የለም። ጭፈራችንን እወዳለሁ፤ ማንም እንዲያስቀርብን አልፈልግም። ነገር ግን ልጆቻችን በየዓመቱ አንድ ምሽት ተጠርተው እንዲጨፍሩ ብቻ የሚፈለጉ ከሆነ፣ ባህላችን ተከበረ ለማለት ይከብደኛል።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። የሞሮኮ አይሁዶች በፋሲካ ማብቂያ የሚያከብሩት ሚሙና መሠረቱ ራሱ ጉርብትና ነው፤ በሞሮኮ ሳሉ በፋሲካው ቀናት ዱቄትና እርሾ ከቤታቸው ለወጣባቸው አይሁዶች ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ዱቄት፣ እርሾ፣ ወተትና ማር ያመጡላቸው ነበር። ዛሬ በእስራኤል በሚሙና ምሽት በሮች ይከፈታሉ፤ ሙፍሌታ የተባለውን የበዓሉን ምግብ የሚቀምሰውም ከሞሮኮ የመጣው ብቻ አይደለም። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የዚያው ማኅበረሰብ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1959 በሐይፋ ዋዲ ሳሊብ፣ በ1971ም በኢየሩሳሌም «ብላክ ፓንተርስ» ተብለው አደባባይ የወጡት ስለ ቤት፣ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ነበር። ያን ጥያቄ ሙፍሌታ ሊመልሰው አይችልም ነበር።

እኛም ይህን በራሳችን ላይ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገስነው ደም በስውር ሲጣል መኖሩ በተሰማ ጊዜ፣ በ2015 ወታደር ልጃችን በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ በታየ ጊዜ፣ በ2019 ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ወጣት ልጅ በሞተብን ጊዜ ጎዳና ወጥተናል። ከ2015ቱ ሰልፎች በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በነበሩት በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ባቀረበው ሪፖርት ዘረኝነቱ በመንግሥት ተቋማት ውስጥም መኖሩን መዝግቧል፤ ዘረኝነትን የመዋጋት ሥራ የሚያስተባብር ክፍልም በሚኒስቴሩ ተቋቁሟል። ስለዚህ በስግድ ሳምንት የፖሊስ ጣቢያው አዛዥና የትምህርት ቤቶቹ ርእሳነ መምህራን ሲጋበዙ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ዘፈን ሰምተው እንዲሄዱ አልፈልግም። ከወላጆችና ከወጣቶች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚጠየቁበት፣ እነርሱም የሚመልሱበት ሰዓት ይመደብ። እንግዳን መጠየቅ ነውር መስሎ የሚታያችሁ ትኖራላችሁ፤ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ግን የልጆቻችንን ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ጥያቄው ይገባቸዋል።

በዓሉን ለጎረቤት ማስረዳት አዲስ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። በመጽሐፈ ነህምያ እንደምናነበው፣ ሕዝቡ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ በተሰበሰበ ጊዜ ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ ሌዋውያኑ ያስረዱ ነበር፤ የሚበላ ላላዘጋጀም እድል ፈንታው እንዲላክለት ታዝዟል። ቄሶቻችንም በግዕዝ ያነበቡትን በአማርኛና በትግርኛ ሲፈቱልን ኖረዋል። እንግዲህ ዛሬ አጠገባችን የቆመው ከሩሲያ፣ ከሞሮኮ ወይም ከዚሁ አገር የተወለደው ጎረቤት እንዲገባው በዕብራይስጥ መፍታት የዚያው ሥርዓት ቀጣይ ነው። ልጆቻችንም ቢሆኑ ይህን ይፈልጋሉ፤ ግዕዙን የሚሰሙ እንጂ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸውና።

በሐይፋ ዋዲ ኒስናስ በየታኅሣሥ ወር በሚደረገው «የበዓላት በዓል» የአይሁድ፣ የክርስቲያንና የሙስሊም በዓላት በአንድ ሰፈር ይታሰባሉ፤ ከእርሱ የምወስደው ነገር እንግድነት በተራ መሆኑን ነው። እኛስ በማን በዓል ተገኝተናል? የጎረቤታችንን ሚሙና ደጅ ረግጠናል? በረመዳን ማፍጠሪያ ማዕድ የተጠራ ሰው ከመካከላችን ሄዷል? ሁሉም ወደ እኛ ይምጣ ስንል ኖረን ከሆነ ዘንድሮ እኛም እንሂድ። በራሳችን ቤትም ዘግይተው ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡትን ወገኖቻችንን «እነርሱ» እያልን የምናርቅ ከሆነ ሌላውን ስለ ዘረኝነት ስንወቅስ አንደበታችን ይታሰራል።

ስለዚህ የምጠይቀው እንደሚከተለው ነው። ከከተማችን ወደ አርሞን ሃናጺቭ በሚሄዱት አውቶቡሶች ለጎረቤቶቻችን መቀመጫ ይያዝላቸው፤ ከእኛ ጋር እስከ ቀትር ይቁሙ፣ ጸሎቱን ይስሙ፣ ከዚያ በኋላ ዳቦውን አብረን እንቁረስ። የማታው ዝግጅት በአንድ ቄስ ትምህርት ይጀመር፤ የሱዳኑን መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ሁለት ወይም ሦስት እናቶች ይናገሩ፤ ጭፈራው ከዚያ ይቀጥል። በሚቀጥለው ቀን እያንዳንዱ ፈቃደኛ ቤተሰብ አንድ ጎረቤት ቤተሰብን ለቡና ይጥራ። ቤታቸውን ለመክፈት የወሰኑ እናቶችና አባቶች ከመውጣታቸው በፊት በሩ አጠገብ ለተቀመጡት ወጣቶች ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ ቄሶቻችንም የማታውን ትምህርት የሚሰጠውን ሰው ዛሬውኑ እንዲመርጡልን በትሕትና እለምናለሁ።